የተረከዟ ጠብታ

ሕፃኗ በተወለደች በአሥረኛው ቀን ከጤና ጣቢያው ተደወለ። ከተረከዟ የተወሰደው ጠብታ ደም በዘር ለሚተላለፍ የሳንባ በሽታ ፖዘቲቭ ሆኗል፤ ለሁለተኛ ምርመራ ትምጣ ተባለ። እናቲቱ ስልኩን እንደያዘች አልጋው ላይ ዘፍ አለች።

«በእኛ ቤት እንዲህ ያለ በሽታ የለም» አለ ባሏ። ቃሉ ካፉ እንደወጣ ተጸጸተ።

አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። መቀሳቸውን አስቀምጠው ገላመጡት። «አፍህን ያዝ! ይልቅ እህትህን ጥራት።»

እህትየው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። መጣችና ሕፃኗን ሳመች። ከዚያ ካባቷ ማሽን ሥር የሸሚዝ ቁልፍ ማስቀመጫውን አንስታ ሃያ ቁልፍ አልጋው ላይ ደረደረች።

«እነዚህ ሁሉ ፖዘቲቭ የተባሉ ሕፃናት ናቸው» አለቻት የወንድሟን ሚስት። «የመጀመሪያው ምርመራ አንድም በሽተኛ እንዳያመልጠው ተብሎ ጠርጣራ ነው፤ ጤነኛውንም አብሮ ይይዛል።» አሥራ ዘጠኙን በመዳፏ ጠራርጋ አንዱን አስቀረች። «የታመመው ይሄ ብቻ ነው።»

«የኔዋ እሷ ብትሆንስ?»

«ልትሆን ትችላለች፤ አልዋሽሽም። ከሆነችም ቀድመን ደረስንባት፣ ሕክምናዋን ትጀምራለች። ሁለተኛው ምርመራ ይለየዋል።»

ውጤቱ አንድ ሳምንት ፈጀ። በዚያ ሳምንት ልብስ ሰፊው የአንድ ደንበኛቸውን ሱሪ ሁለቱንም እግር የግራ አድርገው ሰፉት።

ሕፃኗ ጤነኛ ሆና ተገኘች፤ ግን ተሸካሚ ናት።

«ይህን ዘረመል ካባት አንድ፣ ከናት አንድ እንወርሳለን» አለች አክስትየው። «የሚያሳምመው ሁለቱም ሲበላሹ ነው። የሷ አንዱ ደህና ነው። አድጋ ልውለድ ስትል ባሏም ይመረመራል፣ በቃ።»

እናቲቱ በእፎይታ አለቀሰች።

ቀጥሎ ወላጆቹ ተመረመሩ። እናቲቱ ነጻ፣ ባሏ ተሸካሚ ሆነ። አንገቱን ደፋ።

«‹በእኛ ቤት የለም› ያልከው አንተ ነህ?» አለችው፤ ሳቋ አመለጣት።

«ከኔ ነው የወረሰው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ልብስ ሰፊው ክንዳቸውን ለመርፌ ሰጡ። እሳቸውም ነጻ ሆኑ።

«እንግዲያው ከእማዬ ነዋ» አለች ልጃቸው በቀስታ። እናቷ የልጅ ልጅ ሳታይ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

ልብስ ሰፊው ሕፃኗን ተቀብለው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ፊቷን ቀረብ አድርገው አዩት።

«ከሷ የወረሰችው ሌላስ? ያን አይመረምሩም?»

«እሱን የምታውቀው አንተ ነህ፣ አባዬ።»

«ቅንድቡስ የሷ ነው» አሉ በጣታቸው እየዳሰሱት። «ቁጣዋን ገና አላየንም።»