ንጉሡ አያውቁም

በወደቧ ከተማ ስለ ንጉሡ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ቢኖር ብረት ቀጥቃጩ ነበር። አያቱ ባሕር ተሻግረው ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ናቸው። እሱ አያቱ የመጡበትን የንጉሡን አገር በዓይኑ አይቶት ባያውቅም «አገራችን» ሲል እሱን ማለቱ ነበር። በወጣትነቱ ለንጉሡ ዘምቶ ሁለት ጣቶቹን ጦር ሜዳ ጥሎ ተመልሷል። ሰው ስለ ወታደሮቹ ወይ ስለ አገረ ገዥው ባማረረ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር።

«ንጉሡ አያውቁም። ቢያውቁማ አያስችላቸውም።»

አዲሱ አዋጅ ወጣ። ከእንግዲህ በሰፋሪዎች ከተማ ብረት አይቀጠቀጥም፤ ምስማሩም፣ ማጠፊያውም፣ አካፋውም ከባሕር ማዶ በመርከብ ይመጣል ተባለ። ወታደሮች መጡና ወናፉን በጩቤ ቀደዱት፤ ፍሙ ላይ ውሃ ደፉ፤ ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ ተጋግዘው ጋሪ ላይ ጫኑት። ብረት ቀጥቃጩ ጣት የጎደለውን እጁን ለአለቃቸው ዘርግቶ አሳየው።

«አየሁት» አለ አለቃው። «አሁን ከመንገዱ ዞር በል።»

የሚስቱ ታናሽ ወንድም አታሚ ነበር። እናታቸው ስትሞት እህቱ ናት አሳድጋ ለቁም ነገር ያበቃችው። ይሄ ልጅ አዋጁን የሚቃወም ጽሑፍ አትሞ በየግድግዳው ለጠፈ። አገረ ገዥው ይያዝልኝ ሲል እህቱ ቤት ጣሪያ ሥር ተደበቀ።

«ጋሼ፣ ጀልባ አግኝቻለሁ» አለ ራት ላይ ቀስ ብሎ። «ነገ ከከተማው ልውጣ።»

«ሌባ ነህ እንዴ የምትሸሸው?» አለ ብረት ቀጥቃጩ። «ሕግ አለ። የምትዳኘው እዚሁ፣ ጎረቤቶችህ ፊት ነው። ከነሱ ማን ይፈርድብሃል?»

«ሕጉ እኮ የሹሞቹ ነው።»

«የንጉሡ ነው።»

ሚስቱ የምትሰፋውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እርግጠኛ ነህ? ከሱ ሌላ ማንም የለኝም።»

«በእኔ ይሁንብሽ» አላት።

በማግሥቱ አማቹን እጁን እንዲሰጥ ክንዱን ይዞ ወደ አገረ ገዥው ምሽግ ወሰደው። ልጁ መንገድ ላይ፣ «ጋሼ፣ ላላ አድርገኝ እንጂ፤ ከአሁኑ ታሰርኩ እኮ» ብሎ ቀለደ። ብረት ቀጥቃጩም ሳቀ።

የከተማው ሽማግሌዎች መክረው አቤቱታቸውን ለንጉሡ የሚያደርስ ሰው ሲፈልጉ እሱን መረጡ፤ ለዘውዱ የደማ ሰው ፊት አይነሳም ብለው ነው። ደስ እያለው መርከብ ተሳፈረ። አያቱ የነገሩትን አገር ሊያይ፣ እንደ ቤተሰብ ሊቆጠር ነው።

የቤተ መንግሥቱ ዘበኛ ንግግሩን ሰምቶ፣ «ቋንቋችንን የት ተማርከው?» አለው። ውስጥ ያሉት ጸሐፊዎችም አነጋገሩን እያስመሰሉ ይሳሳቁ ነበር። በየኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቅ ሰነበተ። በመጨረሻ አንዱ አሽከር አዘነለትና ንጉሡ የሚንሸራሸሩበትን የአትክልት ቦታ አሳየው። ንጉሡ ሲመጡ ተንበረከከ።

«የየት አገር ሰው ነህ?»

«የግርማዊነትዎ አገር ሰው ነኝ። ከባሕር ማዶ።»

«አሃ፣ ምስማራችንን የናቃችሁት!» ብለው ንጉሡ ሳቁ። አጃቢዎቹም ተከትለው ሳቁ።

«ግርማዊ ሆይ፣ ሹሞቹ እውነቱን ደብቀውዎት...»

«ከእኔ ማን ይደብቃል? አዋጁን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ብረት ቀጥቃጩ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋው። እንደ ምንም ብሎ የአማቹን ነገር አነሣ።

«አታሚውን ነው? እዚህ መጥቶ እንዲዳኝ አዝዣለሁ። እዚያማ ጎረቤቶቹ ነጻ ይለቁታል» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ ውሎው እዚያው አገር ወደቡ ላይ ሆነ። እስረኛውን የጫነችው መርከብ ስትደርስ ከሚወርዱት መሀል ልጁን ፈለገው፤ አጣው። የመርከቧን ወጥ ቤት ይዞ ጠየቀው።

«ትኩሳት ያዘው» አለ ወጥ ቤቱ። «ከታች አውጥተን አየር እናስነካው ብንል ካፒቴኑ ትእዛዝ የለኝም አለ። ባሕር ላይ ነው የቀበርነው። ምን የመሰለ ጨዋታ አዋቂ ልጅ መሰለህ።»

ወደ ከተማው ሲመለስ ወደቡ በሰው ተሞልቶ ጠበቀው። ሚስቱ ሰዉን ገፍታ ወደ ፊት ወጣች።

«ወንድሜስ?»

ነገራት። እሷ አልጮኸችም። «ክንዱን ይዘህ ወሰድከው» አለችው፤ ፊቷን አዙራ ሄደች።

ሽማግሌዎቹ ከበቡት። «ንጉሡን አገኘሃቸው? ሹሞቹ የሚሠሩብንን ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«ምን አሉ?»

«ሳቁ።»

ለዓመታት ከእሱ ጋር አብረው «ንጉሡ አያውቁም» ሲሉ የኖሩ ሰዎች መሬት መሬቱን አዩ። ከመሀላቸው አንጋፋው ጀልባ ሠሪ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። «እንግዲያ ማንን ነው የምንጠብቀው?» አለ።

በዚያው ሳምንት ሰው ከየጓዳው አሮጌ ብረት እያወጣ ይዞ መጣ። መስፍ ስላልነበረ ብረት ቀጥቃጩ የመርከብ መልሕቅ ገልብጦ፣ እሱ ላይ የጦር ጫፍ ይቀጠቅጥ ጀመር። ከተማው አምፆ ምሽጉ ሲያዝ ከፊት ነበር። ጦርነቱ ሲረዝምም ጦር መቀጥቀጡን ቀጠለ፤ ሰው ገደለ፤ ብዙ ሰው ቀበረ።

በመጨረሻ አገረ ገዥው በመርከብ ሲሄድ ከተማዋ በደስታ ሰከረች። አደባባይ ላይ መድረክ ተሠርቶ ብረት ቀጥቃጩን አወጡት። ስለ ነጻነት ይናገራል ብለው ጠበቁ።

«ንጉሡ ተቆጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ እመለስ ነበር» አለ። «ሳቁብኝ።» ከመድረኩ ወረደ። ሰዉ ግን አጨበጨበለት።

ቤቱ ሲገባ ራቱ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ተቀምጧል። ሚስቱ እንደ ወትሮዋ የኮቴውን ድምፅ ስትሰማ ወደ ሌላኛው ክፍል ገብታ በሩን ዘግታለች። ብቻውን ተቀምጦ በላ።