አራት ዓርብ፣ አንድ የቡና ዛፍ

በየነችን ምላሷ ስለት ነው ይሏታል፤ አልተሳሳቱም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቡና ማሳውንም፣ አንድ ልጇንም፣ ድንበር ገፊ ጎረቤቶቿንም ቀጥ አድርጋ የያዘችው በዚያው ምላሷ ነው። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ስሟን የማያውቅ የለም። ለቅዳሜ ደቦ ጠርታለች። ሃያ ሰው ገጀራውን ይዞ መጥቶ የቡናዋን አረም ሊመነጥርላት ነው። ጎደሬው ተቆፍሯል፣ ቆጮው ተጋግሯል፤ የቀረው ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞ ብቻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ቅጠሉን ልትቀጥፍ ብትወጣ ልጇ ቲጂ ከደጃፉ የቡና ዛፍ ፊት ዱካ ላይ ቁጭ ብላለች። ደብተሯ ጭኗ ላይ፣ እርሳሷ እጇ ላይ፣ ዓይኗ ዛፉ ላይ። ወረቀቱን ዞር ብላም አታየውም።

«አሁንም? ኧረ ምን ጉድ ነው የመጣብኝ! ነገ ሃያ ሰው ይመጣል፣ እሷ እቴ ዛፍ ላይ አፍጣ ትውላለች።»

«ዓርብ እኮ ነው እማ። መምህር ፍሬአብ በየዓርቡ ያንኑ አንድ ዛፍ ሳሉ ብሎናል።»

«ያንኑ? ባለፈው የሳልሽው ሸሽቶ ሄደ እንዴ?»

ይሄ መምህር ፍሬአብ የሚሉት ሰው የሦስተኛ ክፍል የሥዕል መምህር ነው። መጀመሪያ ቀን ልጆቹን ቡና ሳሉ አላቸው፤ ሁሉም ፍሬውን እንደ ማንጎ ከቅርንጫፉ ጫፍ አንጠልጥለው አመጡ። «ቡና ሥር ተወልዳችሁ ቡና አታውቁም!» ብሎ ሳቀባቸው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፤ ዓይን ከሚሳለው ነገር ላይ አይነሳም፣ እጅ ዓይንን ይከተላል፣ የምታውቁትን ትታችሁ የምታዩትን ሳሉ። በየነች ይህን የሰማች ዕለት ተናዳ ነበር። ግን ሰው ሳያያት ወጥታ አየች፤ ፍሬው ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር ከሚገናኝበት ላይ ተኮልኩሏል። እሷም ብትሆን ጫፉ ላይ ነበር የምታንጠለጥለው። ለማንም አልተናገረችም።

«ተነሺ አልኩ! አለዚያ ይሄን ደብተር ለነገ እሳት ማቀጣጠያ ነው የማደርገው።»

ቲጂ አልተነሳችም። «እማ፣ ዛፉ ታሟል።»

በየነች ከት ብላ ሳቀች። «አልታመመም፣ እኔ ነኝ የጨረስኩት። ለጨሞ ሁሌ የምቀጥፈው ከዚሁ ነው፤ እንዴት አይሳሳ?» ዛፉን ባሏ ነው ቲጂ በተወለደች ሳምንት የተከለው። ለቤት ስለሚቀርብም፣ የሱ እጅ ስላለበትም፣ ከሌላ ዛፍ መቅጠፍ አይሆንላትም።

«አንቺ የምትቀጥፊው በበሩ በኩል ነው» አለች ቲጂ፣ ደብተሯን እየገለጠች። «የጠወለገው በወንዙ በኩል ነው።»

በየነች ጎንበስ አለች። በመጀመሪያው ዓርብ ሥዕል ቅርንጫፎቹ በሁለቱም በኩል ቀና ብለዋል። በሁለተኛው በወንዙ በኩል ሦስት ቅጠሎች አንገታቸውን ደፍተዋል። በሦስተኛው ያ ጎን ሁሉ እንደ ርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የዛሬው ደግሞ ባዶ እንጨት ነው። በበሩ በኩል ግን ቅጠሉ ደህና ነው፤ እሷ የቀጠፈችበት ቦታ ሁሉ ትንንሽ ጉቶ ሆኖ ተስሏል።

«ይሄ ያንቺ ጣት ነው» አለች ልጅቷ ጉቶዎቹን እያሳየች።

በየነች ቀና አለች። ዛፉን ዞረችና በወንዙ በኩል ቆመች። በቀን አሥር ጊዜ በዚህ ዛፍ ታልፋለች፣ በዚህኛው ጎን ግን መቼ እንደቆመች አታስታውስም። ሥዕሉ አልዋሸም።

ከሁለት ዓመት በፊት የጎረቤቷ የአቶ ተረፈ ቡና እንዲህ ነው የጀመረው፣ ባንድ ጎን። ማንም ልብ ሳይል ደቦ ገባ፤ ገጀራው የታመመውን ግንድ ነክቶ ደህናውን እየነካ በሽታውን ይዞት ዞረ። በዓመቱ ማሳው ሙሉ ማገዶ ሆነ። ነገ ደግሞ ሃያ ገጀራ! ደቦ ጠርቶ ከደጅ መመለስ ነውር ነው፤ በልጅ ወሬ መልሳ ብትሳሳት ሁለተኛ የሚመጣላት የለም። ዝም ብትል ደግሞ እሷና ልጇ የሚኖሩበት ቡና አለቀ።

ጠዋት ሰዎቹ እየተጫወቱ ሲመጡ በየነች አጥሩ በር ላይ እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«ገጀራ አይገባም! ዛፌ ታሟል። ልጄ በእርሳስ አይታዋለች።»

ሳቁ ሌላ ነው። የደቦው አለቃ ጋሽ ከፈለኝ እንባቸውን ጠረጉ። «በእርሳስ? እኔ አርባ ዓመት ቡና ያየሁት ሰውዬ ያላየሁትን?»

«የአቶ ተረፈ ማሳ ሲገቡም ዓይንዎ አብሮዎት ነበር ጋሼ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ያን ደቦ የመሩት እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ከፈለኝ ገጀራቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለው፣ ደብተሩን ተቀብለው፣ ከአንደኛው ዓርብ እስከ አራተኛው ቀስ ብለው ገለጡ። ከዚያ ዛፉ ሥር ተንበርክከው በትንሽ ቢላዋ ልጡን ፋቅ አደረጉት። ነጭ መሆን የነበረበት እንጨት ጠቁሯል።

«ቢላዋዬን እሳት ላይ አድርጉልኝ፣ በሽታውን ነክቷል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛፉ ይነቀል፤ እዚሁ ይቃጠል። ማንም ከዚህ ግንድ ወደ ሌላ በገጀራ እንዳይሄድ!» ወደ ቲጂ ዞሩ። «ሰኞ መጥተሽ የኔን ማሳ ታይልኛለሽ የኔ ልጅ?»

«በአንድ ቀን አይሆንም» አለች ቲጂ ኮራ ብላ። «አራት ዓርብ ይፈጃል።»

«ይሁን» አሉ ሽማግሌው። ማንም አልሳቀም።

ዛፉ ሲነቀል በየነች አለቀሰች፤ አልደበቀችም። ባሏ በእጁ የተከለው ነው። ሌሊት የጣለው ዝናብ እንጨቱን አርሶት እሳቱ አልይዝ አለ። አንዱ ጎረምሳ ዱካው ላይ የተቀመጠውን ደብተር ብድግ አደረገ። «ይኸው ወረቀት!»

«እጅህን ሰብስብ!» ብላ ጮኸችና መንትፋው ደረቷ ላይ አቀፈችው። ደቦው ሁሉ ደንግጦ አያት። በየነች የመጀመሪያውን ዓርብ ገጽ ገልጣ አየችው። የባሏ ዛፍ በሁለቱም በኩል ቀና ብሎ፣ ከነሙሉ ቅጠሉ ቆሟል። ከእንግዲህ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ደብተሩን ለቲጂ ሰጥታ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደች፤ የክዳኑን ደረቅ ሣር ከሥር እየነቀለች ለእሳቱ አመጣች።