ገብሱ ጋ ያለው መታጠፊያ

"አካም ቡልተኒ፣ ሮቤ! ጎባ! ሲናና! ጉልበታችሁ ደህና አደረ?" ሂካ ማይኩን ሊውጠው ደርሷል። "የእኛማ አላደረም!"

ፊሮምሳ እዚህ ላይ መሳቅ ነበረበት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በዚህች ቀልድ ይስቃል። ሁለቱ ጓደኛሞች ስድስት ዓመት ከከተማ ከተማ እየዞሩ እንጀራቸውን ከስኬትቦርድ አውጥተዋል። ጉልበት ሲከዳቸው ሮቤ ተመልሰው በሂካ እህት ፀጉር ቤት ጓዳ ፖድካስት ጀመሩ። ምላስ ጉልበት አይፈልግምና አድማጭ ጎረፈላቸው። በላይቭ ያወራሉ፣ ሰው እየጻፈ ይመልስላቸዋል።

ዛሬ ግን አልሳቀም፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ጂቱ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት አድማጫቸው በስልኩ የድምፅ መልእክት ልካለታለች።

"ጋሼ ፊሮ፣ ጎባ ቁልቁለቱ አናት ላይ ነኝ። እናንተን በጆሮዬ እየሰማሁ እወርዳለሁ። እንዳስተማርከን፣ መታጠፊያውን እግሬን ሳላወርድ ነው የምዞረው!"

ደወለላት። ዘጋችበት።

ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረደው ስንት ጊዜ ተርኳል! በተረከው ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ባለፈው ሳምንት አይሱዙ ቀድሞ ነበር። እውነቱን የሚያውቁት እሱና የአንድ ገበሬ ገብስ ብቻ ናቸው። ልጅቷ ብትሞትስ? ፈራ፤ ከልቡ ፈራ።

ማይኩን ሳበ። "ጂቱ፣ ዛሬ ይቅርብሽ። አስፋልቱ እርጥብ ነው።"

ሂካ መልሷን ከስክሪኑ እየሳቀ አነበበ። "'አንተ በዝናብ አይደል የወረድከው?' ትላለች! ማል ጄታ፣ ምን ትላለህ፣ ፊሮ?"

"ነፋስም አለ።"

"'ነፋስ ያግዛል ብለሃል!' እውነቷን ነው፣ ብለሃል! 'በቃ ልለቀው ነው' ትላለች!"

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ግን ዛሬ ከበደው። ማመካኛ አለቀበት። እውነቱን ካወጣው ደግሞ ስሙ አለቀለት።

"ጂቱ፣ ቁሚ!" ብሎ ጮኸ። "መታጠፊያውን ዞሬው አላውቅም! ፈርቼ ገብስ ውስጥ ዘለልኩ። ቦርዱን ፈልጌ፣ መታጠፊያውን በእግሬ አለፍኩት። ሂካ የሚያየኝ ጋ ስደርስ ነው መልሼ ቦርዱ ላይ የወጣሁት። አትልቀቂው፣ እህቴ!"

ሂካ ከስክሪኑ ወደ እሱ ዞረ። ዓመታት ሙሉ "በዓይኔ አይቻለሁ" እያለ ሲመሰክርለት የኖረ ሰው ነው። ስክሪኑ ላይ ሳቅና ስድብ ይዘንብ ጀመር፤ ከጂቱ ግን ምንም የለም። አንድ ደቂቃ ሆነ። ሁለት። ፊሮምሳ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ሸጉጦ ጠበቀ።

ስልኩ ጮኸ። "ቦርዱን ተሸክሜ በእግሬ እየወረድኩ ነው" አለች ጂቱ፣ እያለቀሰች። "በጣም ነው የተናደድኩብህ፣ ጋሼ።"

ሂካ ላይቩን ሊያቋርጥ እጁን ዘረጋ። "ልዝጋው፣ ወንድሜ። አገር እየሳቀብህ ነው።"

ፊሮምሳ እጁን ያዘው።

"አትዝጋው። ጂቱ እየሰማችን ነው፤ መታጠፊያውን እስክታልፍ ይሳቁ።"