ለሶፍትዌር የተተከለ ድንኳን

ሁሪያ ኮምፒውተር በሌለበት ኮሌጅ የኮምፒውተር ጉባኤ ላዘጋጅ ብላ ስትነሳ መርሳ ውስጥ ከቁም ነገር የቆጠራት ሰው አልነበረም። ጊዜው 2014 ዓ.ም. ግንቦት ነው። ጦርነቱ ከተማዋን ለቆ ከወጣ ገና መንፈቅ መሙላቱ ነው፤ ተመልሶ እንደሚመጣም ሁሉም በሆዱ ይጠረጥራል። እሷ ሰባት ዓመት የሠራችበት የኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ተዘርፎ ኦናውን ቀርቷል። ዘራፊዎቹ ስክሪኑንም፣ ሳጥኑንም፣ ገመዱንም ጠራርገው ሠላሳ አንድ ማውስ ትተውላታል። ለምን እንደተዉት እስከ ዛሬ አልገባትም። በየጠዋቱ ክፍሉን ትከፍታለች፣ የማውሶቹን አቧራ ታራግፋለች፣ ቆልፋ ትሄዳለች። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው አንድ ነገር መሥራት አለበት።

ጉባኤውን የጠነሰሱት ሦስት ፈቃደኞች ናቸው። አንዷ ሁሪያ ናት። ሁለተኛው የኮሌጁ ወጣት መምህር ኢዘዲን ነው፤ ፕሮግራም ማውጣት ነፍሱ ነው፣ የራሱን ሠርግ እንኳ በደቂቃ ከፋፍሎ ነው ያስጨረሰው። ሦስተኛው የወልድያው ኤርሚያስ ነው፤ ያረጁ ላፕቶፖችን እየለቃቀመ ሊኑክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ይጭንባቸውና እንደ አዲስ ያስነሳቸዋል። ለሁሪያም ክፍል አምስት ላፕቶፕ ሊሰጣት ቃል ገብቷል፤ ክፍሉ ካለ ማለት ነው።

የኮሌጁ ዲን አቶ ስዩም የአዝርዕት ሰው ናቸው። ለእሳቸው ክፍል ሁለት ዓይነት ነው፤ እህል ያለበትና እህል የሚጠብቅ። አዳራሹን በእርዳታ ስንዴ እስከ ጣሪያው ሞልተው ሲያበቁ ዓይናቸውን የጣሉት የሁሪያ ክፍል ላይ ነው። ለምና፣ ተከራክራ፣ እንባ ቀረሽ ሆና ያገኘችው መልስ ይህ ነበር።

«ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ስድሳ ሰው ተቀምጦ ካየሁ ክፍሉ ያንቺ ነው። ካላየሁ ሰኞ ስንዴ ይገባበታል፣ አንቺም የጆንያ ጠባቂ ትሆኛለሽ።»

ስድሳ ሰው ከየት ይምጣ? ከመጣስ የት ይቀመጥ? የመቀመጫውን ነገር ኢዘዲን ፈታው፤ የቅሬ ድንኳን እንዋስ አለ። ሰው ሲሞት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል አብሮ የሚቀብረው ቅሬ፣ ድንኳንም አግዳሚ ወንበርም ሞልቶታል። ሁሪያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ሼህ ኡበይደላ ቤት ሄደችና ለነገ ኮሌጁ ግቢ ድንኳን እንደሚያስፈልጋቸው ነገረቻቸው። ሼሁ ለምን ብለው አልጠየቁም። ድንኳን የሚፈልግን ሰው ለምን ብሎ የሚጠይቅ ጨዋ መርሳ ውስጥ አልተወለደም።

«አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አሏት።

«አሚን» አለች ሁሪያ። በዚያ ሰሞን ሰው ሲገናኝ የሚለው ይህንኑ ስለሆነ፣ ስለተዘረፈው ክፍሏ እያጽናኗት መሰላት። እንዲያውም ደስ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሰው በግቢው በር ይጎርፍ ጀመር። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ገሚሱ የንፍሮ ድስት ተሸክሞ። ኢዘዲን በሩ ላይ ቆሞ «ተሳታፊ» የሚል ካርድ በየአንገቱ ያንጠለጥላል። ማንም እምቢ አላለም። በዚያ ዓመት አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ መጨረሻው ዘይት ወይም ዱቄት ነበር። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ ወገን አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሁሪያ የገባት የመጀመሪያዋ አልቃሽ ድምፅዋን ስታሰማ ነው።

«ለለቅሶ ነው የመጡት፤ ሼሁ ሰው የሞተብን መስሏቸው ቅሬውን ጠርተዋል» አለችው ኢዘዲንን በሹክሹክታ።

«ሰማንያ አራት ናቸው። ዲኑ አይተው እስኪሄዱ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አላት። ዓይኑ ከቆጠራው አልተነቀለም።

ልናገር ብላ ሁለት ጊዜ ተነሳች፣ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ተቀመጠች። ጆንያው በዓይኗ ላይ እየሄደባት ነበር።

በዚህ መሃል ኤርሚያስ ከወልድያ ደረሰ። ላፕቶፖቹን በማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ሲመጣ ሲሪንቃ ኬላ ላይ ፈትሸውት፣ ፈታሹም የተበላሸ ስልኬን ካልጠገንክልኝ አልለቅህም ብሎት ዘግይቷል። ሰማንያ ሰው ሲያይ ልቡ በደስታ ዘለለ። ሰዉ ለምን እንደሚተክዝ ሳይጠይቅ ንግግሩን ጀመረ፤ የወልድያ ሰው ስለ መርሳ ሰው ፊት ምን አገባው? ዛሬ ስለ ሊኑክስ ልነግራችሁ ነው አለ። ሊኑክስ ምንም የሚደብቀው ነገር የለም፣ ሆዱ ለሁሉም ክፍት ነው አለ። ያለውን ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል፣ ሀብታም ድሃ አይለይም፣ ያረጀውንና የተጣለውን ያነሳል አለ።

ይህን የመሰለ ደግ በዚህ ዘመን ይገኛል ወይ እየተባለ ከንፈር ተመጠጠ። ቆይቶ ከሴቶቹ በኩል ወሬ ተነሳ፤ የሞተው ፈረንጅ ነው፣ ስንዴውን የሚልክልን እሱ ኖሯል ተባለ። ያን ጊዜ ለቅሶው ጋለ። ኤርሚያስ በሕይወቱ እንዲህ ያለ አድማጭ ገጥሞት አያውቅም፤ እሱም ዓይኑን መጥረግ ጀመረ።

ልክ በስድስት ሰዓት አቶ ስዩም መጡ። ከበሩ ላይ ወሬውን ሰምተው ፊታቸው ዐመድ መስሏል። የስንዴው ባለቤት ግቢያቸው ውስጥ ሲለቀስለት እሳቸው አለማወቃቸው አሳፍሯቸው፣ ማንንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው መሃል ላይ ቆሙ። ሟቹን በቅርብ እንደሚያውቁት፣ ትሑትና ሥራ ወዳድ እንደነበር ተናገሩ። መቼም ሰው ሲሞት የማያውቀው አይኖርም። ከዚያም ወደ ሁሪያ ዞረው በቅሬው ሁሉ ፊት ቃላቸውን ሰጡ።

«የኮምፒውተር ክፍሉ በሟች ስም ይጠራል። ስንዴ አይገባበትም።»

ሰዉ አሜን አለ። ኢዘዲን የሁሪያን ክንድ በደስታ ጨመቀው። አለቀ፣ ክፍሉ የእሷ ሆነ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀራት፤ ዝም ማለት ደግሞ ምን ይከብዳል?

አጠገቧ እትዬ ብርቱካን ተቀምጣ ነበር፤ መናኸሪያው ጀርባ ጎመንና ቃሪያ የምትሸጥ። ካርዷ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ሁሪያ ሟቹን ታውቂው ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ለምን እንደጠየቀች ራሷም አታውቅም።

«እኔ ምኑን አውቀዋለሁ ልጄ» አለች እትዬ ብርቱካን። «ዓለምነህ የሞተ ለት መንገዱ ሁሉ ጥይት ነበር፣ አራት ሰው በጓሮ አውጥቶ ቀበረልኝ። ድንኳን አልተተከለለት። በሰው ድንኳን ተጠግቼ ላልቅስለት ብዬ ነው የመጣሁ።»

ሁሪያ አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም። ኢዘዲን ቀሚሷን ቢጎትታትም ተነሳች። የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ሊኑክስ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሶፍትዌር እንጂ ፈረንጅ እንዳልሆነ፣ ድንኳኑን ለጉባኤ እንደተዋሰችውና ሰዉ ለለቅሶ መምጣቱን እያየች ለክፍሏ ስትል ዝም እንዳለች፣ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ንፍሮ የሚቆረጥመው ሁሉ መንጋጋው ቆመ።

ሼህ ኡበይደላ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ጠየቋት። «ማንም አልሞተም?»

«ማንም አልሞተም ሼሃችን። አውፍ ይበሉኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼሁ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሲስቁ ነው። አንዱ ተከተላቸው፣ ሌላው ቀጠለ፣ በመጨረሻ ድንኳኑ በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያልሳቁት አቶ ስዩም ብቻ ናቸው። ለሌለ ሟች የተሰጠ ቃል ቃል አይደለም አሉ፤ ሰኞ ስንዴው ይገባል አሉ።

እትዬ ብርቱካን ያን ጊዜ ብድግ አለች።

«ሟችስ አለ» አለች። «ዓለምነህ ይባላል። የኔ ልጅ ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሼህ ኡበይደላ መሬት መሬት አዩ። ያኔ ለዚያ ልጅ ቅሬው አልደረሰም፤ እሳቸውም በራቸውን ዘግተው ከተቀመጡት አንዱ ነበሩ።

«ጥፋቱ የኛ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ድንኳኑ አይነሳም። ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ። ይህ የዓለምነህ ለቅሶ ነው።» ከዚያ ቀና ብለው ዲኑን አዩ። «ስዩም፣ ቃልህን ለማን ነበር የሰጠኸው?»

አቶ ስዩም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለሟች ነው አሉና ባገኙት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ኢዘዲንም ሌላ የሚሠራው ቢያጣ አንድ ካርድ አንገታቸው ላይ አንጠለጠለላቸው። ኤርሚያስ ማዳበሪያውን አቅፎ የሚገባበት ጠፍቶታል። ሼሁ አንተም ልጄ ያንን ነገርህን ኋላ ትቀጥላለህ፣ ለለቅሶ የሚከፋ ወሬ አይደለም አሉት።

ሁሪያ እትዬ ብርቱካንን ደግፋ ድንኳኑ መሃል አስቀመጠቻት። ሴቶቹ ወንበራቸውን ትተው ዙሪያዋን ከበቧት። እትዬ ብርቱካን ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የልጇን ስም ጮክ ብላ ጠራች። ከኅዳር ጀምሮ በሰው ፊት ጠርታው አታውቅም ነበር።