ወደ ሐይቁ የሚያወርደው መንገድ

ሰፈሩ «ምክር ቤቷ» ይለኛል። ይበለኝ! የተወዳዳሪዎችን ክርክር ለመስማት ሬዲዮኔን በረንዳ ላይ ከፍቼ ስቀመጥ፣ በአጥሬ ሥር የሚያልፍ ሁሉ «ምክር ቤቷ፣ ዛሬስ ማን ረታ?» እያለ ያሾፍብኛል። እኔም አልሰስትም፤ ማን እንደ ዋሸ፣ ማን ጥያቄ እንደ ሸሸ፣ ማን ወረቀቱን እያነበበ እንደ ተንተባተበ አንድ በአንድ እነግረዋለሁ። የብርጓል እባላለሁ፤ ዕድሜዬን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሀል ስናገር ስለኖርሁ ድምፄ ከዚህ፣ ከከተማው ውጭ ዘንዘልማ ድረስ ይሰማል። የምርጫ ካርድ መውሰድ የተጀመረ ዕለት ከሰልፉ ፊት የቆምሁት እኔ ነኝ። መዝጋቢው ልጅ «እማማ፣ ገና ጊዜ አለ እኮ፤ ምን አስቸኮለዎት?» ቢለኝ፣ «ላንተ ይኖርህ ይሆናል» አልሁት።

ሰው በዚህ ዘመን ምርጫ ምን ይሠራል ይለኛል። የመራዊው አውቶቡስ አንድ ቀን ገብቶ አንድ ቀን በሚቀርበት፣ ሁሉም ሳይመሽ በሩን በሚቀረቅርበት ጊዜ ምን ይሠራል ይለኛል። ሐሰት ነው አልልም። ግን ድምፅ የሚለምነኝ ሰው ደጄ ድረስ የሚመጣው በዚህ ሰሞን ብቻ ነው። እግሩ ደጄ ከደረሰ በኋላ የምጠይቀውን ካላወቅሁ ጥፋቱ የማን ነው? ዘንድሮ ደግሞ የምጠይቀውን አሳምሬ ነው የማውቀው። የሐይቁ መውረጃ!

ከሰፈራችን ዋርካ ጀርባ ወደ ጣና የምታወርድ፣ አንድ መኪና ብቻ የምታሳልፍ ጠባብ መንገድ ነበረችን። ታንኳዎቹ ጠዋት ጠዋት ዓሣቸውን ይዘው እዚያ ታች ይቆሙ ነበር፤ ዳርቻው ላይ ደግሞ የዘይነት ዓሣ ቤት አለ። ባለፈው ክረምት አቶ ኃይለ ገብርኤል የሚባለው ሰውዬ ከመንገዷ አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ መሥራት ጀመረና በቆርቆሮ ዘጋት። «ለጊዜው ነው፤ ግንባታው እስኪያልቅ» አለን። ግንባታው አለቀ፣ እንግዶችም ገቡበት፣ ቆርቆሮው እንደ ቆመ ቀረ። ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው በዋናው አስፋልት ዞሮ፣ ፀሐይ መትቶት ነው የሚደርሰው። ታንኳዎቹ ሌላ ቦታ ለመዱ፤ ደንበኛውም ቀረ።

ዘይነት ማለት እንግዲህ የእኔ ጨቅጫቃ ናት። ከሰዓት በኋላ ወርጄ ድስቷ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ታቀርብልኛለች፣ እኔ ክርክሩን እተርክላታለሁ። «ፖለቲካሽን ከዘይቴ አርቂልኝ፣ ይበላሽብኛል!» ትለኛለች። ደግሞ ዝም ስል «እና ከዚያ ምን አለ?» ትላለች። ያለፈው ሳምንት ግን ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ወረታ ወንድሜ ዘንድ ልሄድ ነው። በጨርቅ ሱቁ ታግዢኛለሽ ብሎኛል። ማክሰኞ መኪና ይመጣል» አለችኝ።

ልቤ ዱብ አለ። አፌ ግን ልማዱ ነውና «ቆይ እንጂ! እሑድ የተወዳዳሪው ስብሰባ አለ፤ ይቺን መንገድ ባላስከፍት የብርጓል አይደለሁም» አልሁ። አየት አደረገችኝና ዓሣውን ገለበጠች።

እሑድ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ተወዳዳሪው ጌትነት ይባላል፤ ልብሱ ያማረ፣ አንደበቱ የተባ ጎልማሳ ነው። ኃይለ ገብርኤል ነጠላውን አጣፍቶ ፊት ወንበር ላይ ተሰይሟል። ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁ። ስብሰባውን የሚመራው አምባቸው አየኝ፤ ያውቀኛላ! አየኝና ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ለወጣቱ ሰጠ፣ ለባለ ሱቁ ሰጠ፣ ለዚያ አንዴ ከያዘ ለማይለቀው ጡረተኛ መምህር ሰጠ። የእኔ እጅ እስኪዝል ተሰቅሎ ቀረ። በመጨረሻ «ሰዓታችን አልቋል» አለ። ደሜ ፈላ! ለዚህ ነው ከሰልፍ ፊት ካርድ ያወጣሁት?

ግን እኛ ዘንድ ስብሰባ ያለ ምርቃት አይበተንም። የሁልጊዜው መራቂያችን አባት ታመው ቀርተዋል። አምባቸው ዓይኑን ሲያንከራትት በዕድሜ የምበልጥ እኔ ሆንሁ፤ ጥያቄ ስለ ነፈገኝም ሊክሰኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ «እማማ የብርጓል ይመርቁንና እንለያይ» አለ። ወይ አምባቸው!

ተነሣሁ። አዳራሹ ሁሉ መዳፉን ዘረጋ።

«ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ!»

«አሜን!»

«የወለዳችሁት ይባረክላችሁ፤ የወጣው በሰላም ይግባ!»

«አሜን!»

«አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ የተኳረፈውን ያስታርቅልን!»

«አሜን!» አሉ፤ ይቺኛዋ ከአንጀት ነበረች። እኔም እንባዬ መጣ፤ ግን አላቆምሁም።

«የተዘጋውን ይክፈትልን!»

«አሜን!»

«ከዋርካው ጀርባ ወደ ጣና የሚያወርደውን መንገዳችንን ይክፈትልን፤ ቆርቆሮውን ያንሣልን!»

የአምባቸው አፍ ተከፍቶ ቀረ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ግን ምርቃት ይቋረጣል? ማን ደፍሮ! «አሜን!» አለ አዳራሹ፣ ቆርቆሮ ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ። ጌትነትም ፈገግ ብሎ አሜን አለ። ኃይለ ገብርኤል ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ከሁሉ ቀድሞ ነበር አሜን ያለው። እኔ ሳየው ገና ዓይኑን እየገለጠ ነበር።

«የዘጋውን ሰው ልቡን ያራራልን፤ በገዛ እጁ ይክፈተው፤ የሚከፍተው እጅም ይባረክ!» ብዬ ጨረስሁ።

ውጭ ስንወጣ ተወዳዳሪውን በሩ ላይ ያዝሁት። «እህ ልጄ፣ አሜን ብለሃል» አልሁት። ከት ብሎ ሳቀና፣ «እማማ፣ እርስዎ ለፖለቲካ የተፈጠሩ ነዎት። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡልን፤ እናየዋለን» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። በዚያች ቅጽበት አንድ ድምፅ ጎደለበት፤ አላወቀም እንጂ።

ሰኞ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ኃይለ ገብርኤል ነው፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«እትዬ የብርጓል፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለኝ ቁጭ ሳይል። «በሁለት እጄ ተቀብዬዋለሁ እኮ። አሜን ያልሁበትን ነገር ዘግቼ ብቀመጥ በልጆቼ ላይ ምን እንደሚመጣ እርስዎም ያውቁታል። ምርቃቱን ያንሡልኝ።»

«ምርቃት ተነሥቶ ያውቃል?»

«እሺ፣ ትንሽ በር ላውጣላችሁ። ማታ ማታ ትቆለፋለች።»

«በር ብዬ ነው የመረቅሁት? ቆርቆሮውን ያንሣልን ነው ያልሁ። አሜን ያልኸውም ለቆርቆሮው ነው!»

ሊያሳዝነኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ቡናማ የሥራ ልብሳቸውን የለበሱ ሠራተኞቹ ወዲያው ቆርቆሮውን ሲነቅሉ ድምፁ እቤቴ ድረስ መጣ። የሰፈሩ ሰው እልል አለ። እኔም እንደ ኩሩ ሙሽራ ደረቴን ነፍቼ ዋልሁ። ለመጣው ለሄደው አወራሁ። ለዘይነት መንገር ያስፈልጋል እንዴ? ታች ሆና ታየዋለች አልሁ።

ማክሰኞ ጠዋት በመንገዷ ወረድሁ። የጣና ነፋስ ፊቴን ዳሰሰኝ። ታች ስደርስ አንዲት ፒካፕ የዘይነት ደጅ ላይ ቆማለች። ከዋርካው ጀርባ ቀጥታ በተከፈተው መንገድ ነው የወረደችው፤ ሹፌሩ ዕቃ ይጭናል።

«ዘይነት! መንገዱ ተከፍቷል እኮ!»

«አይቻለሁ፤ አላህ ይስጥሽ» አለችኝ፣ የምታስረውን ድስት ሳትተው።

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ታንኳዎቹ ነገ ይመለሱ፣ ለከርሞ ይመለሱ፣ ማን ያውቃል። ወንድሜ ግን ነይ ብሎኛል።» ገመዱን ጠበቅ አደረገችና ቀና አለች። «ነይ አለኝ፣ የብርጓል። አንቺ ለተወዳዳሪው ተናገርሽ፣ ለአዳራሹ ተናገርሽ፣ ለፈጣሪም ተናገርሽ። ለእኔስ ምን አልሽኝ? መንገድ፣ መንገድ፣ መንገድ።»

እኔ! ምላሴ እንዲህ የከዳኝን ቀን አላስታውስም። ስለ መንገዱ ብትጠይቀኝ እስኪመሽ እናገር ነበር፤ ይቺን ግን ከየት ልጀምራት?

«ቅሪ» አልሁ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

«ምን አልሽ?»

«ቅሪልኝ። አንቺ ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው? ከሬዲዮው ጋር? መንገዱንም ላንቺ ብዬ ነው እንጂ እኔ ሐይቅ ምን ያደርግልኛል? ቅሪልኝ፣ ዘይነት!»

ይቺኛዋ ዘንዘልማ ሳትሰማ አትቀርም። ሹፌሩ ዕቃውን እንደ ያዘ ቆሞ ያየናል። ዘይነት በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ወደሱ ዞረች።

«ልጄ፣ ድስቶቹን አውርድልኝ። ለወንድሜ እኔ እደውልለታለሁ።»

ትልቁን ድስት ከእጁ ተቀብዬ፣ ሳለቅስ እንዳታየኝ ብዬ ቀድሜ ገባሁ።