የመጨረሻው ገበቴ

1.

ተሳሳተ።

2.

የኩባንያ ታሪክ በስህተት እንደማይጀመር አውቃለሁ። በሌሎች ኩባንያዎች መጽሔት ላይ መስራቹ ገና ከመርከብ ሲወርድ ጀምሮ ሁሉን ያውቃል። የእኛው መስራች አያቴ ቫርታን ግን ከአርመን አገር ተሰዶ፣ በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ ከአሶሳ ወዲያ ሱዳን ድንበር አጠገብ አልጉሉ ወንዝ ወርቅ ሊያወጣ በበቅሎ ሲደርስ፣ የሚያውቀው ሙያ ጫማ መስፋት ብቻ ነበር። ወርቅ ያየው በሴቶች ጆሮ ላይ ነው።

እኔ ሲራኑሽ፣ የልጅ ልጁ፣ ይህን የምጽፈው በኩራት ነው። የሚያፍር ካለ የሌሎቹን መጽሔት ያንብብ።

3. ስህተቱ

ጎረምሶች ቀጠረ። ቆፍሩ አላቸው፤ ቆፈሩ። አፈሩን ወንዝ አውርዳችሁ እጠቡ ሲላቸው ግን ቁጭ አሉ። በአልጉሉ ወንድ ይቆፍራል እንጂ ወርቅ አያጥብም፤ ማጠብ የሴት ሙያ ነው። አያቴ ደመወዝ ያነሳቸው መስሎት ጨመረላቸው። አመሰገኑት።

ቁጭ እንዳሉ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እልህ ያዘውና ሱሪውን ሰብስቦ ራሱ ወንዝ ገባ። የመንደሩ ሴቶች ሊስቁበት ወጡ።

4. የአጠባ መመሪያ

ገበቴውን በሁለት እጅህ ያዝ። አፈርና ውሃ ሙላበት። አዙረው። ቀላሉ አፈር ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ከባዱ ከታች ይቀራል። አትቸኩል።

ቸኮልክ።

እንደገና።

5. ንግግር*

ሃዋ የምትባል አንዲት ሴት ስቃ ስቃ ሲበቃት ገበቴውን ከእጁ ቀማችው።

ሃዋ፦ አንተ ሐዋጃ፣ ወርቁን ለዓሳ እያበላኸው እኮ ነው!

ቫርታን፦ እንግዲያው አንቺ እጠቢልኝ። ደመወዝ እከፍላለሁ።

ሃዋ፦ ደመወዙን ክፈል፣ ቀኑን ሙሉ እናጥብልሃለን። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን የመጨረሻው ገበቴ የየራሳችን ነው። እሱን ስናጥብ ፊትህን ታዞራለህ።

ቫርታን፦ ለምን?

ሃዋ፦ ካየኸው ያምርሃላ።

* ይህን ማንም አልመዘገበውም። አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለእኔ እያሳመሩ ነገሩት። እኔም ትንሽ አሳምሬዋለሁ። “ሐዋጃ” እዚያ ፈረንጅ ማለት ነው።

6.

ፊቱን አዞረ።

7. ውርስ

ሌሎች ባለወርቆችም ወደ ወንዛችን መጡ። በር ላይ ዘበኛ አቁመው ሴቶቹን ማታ ማታ አስፈተሹ። ወርቁ በየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ ይወጣባቸው ነበር፤ አንድ በአንድ ጥለው ሄዱ። የእኛ በር ላይ ፈታሽ ቆሞ አያውቅም። እንደ እኛ የተማመነ ቤት በዚያ አገር የለም። ወፍጮውን እኛ ተከልን፣ ክሊኒኩን እኛ ሠራን፣ የጠጠሩን መንገድ እኛ አወጣን። እኮራለሁ አልኩ እኮ።

አያቴ ሲሞት አባቴ ፊቱን አዞረ። አባቴ ሲሞት ደግሞ እኔ። ዕድሜዬን በሙሉ ፀሐይ ስትጠልቅ የማየው ያንኑ አንድ የማንጎ ዛፍ ነው። ቅርንጫፎቹን በስም አውቃቸዋለሁ።

8.

አሁን የውሃ ፓምፖቹ አርጅተዋል፣ እኔም አርጅቻለሁ። ልጆቼ አዲስ አበባ የራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። አዲስ መሣሪያ ካላስገባን ፈቃዱ አይታደስልንም። ምርጫው ሁለት ነው፦ መሸጥ ወይም መዝጋት። ከዘጋሁ ሴቶቹ ሥራ ያጣሉ። ለማይሆን ሰው ከሸጥኩ ደግሞ የቫርታን ስም በር ላይ ይቀራል፣ ቫርታን አይኖርም።

ገዢ መጣ፤ አቶ ልዑልሰገድ። ልጠላው ፈልጌ ነበር። ልቤ እንቢ አለኝ፤ ደግ ልጅ ነው። ከሠራተኞቹ አንድም ሰው አልቀንስም አለ።

9. ንግግር

ልዑልሰገድ፦ ወይዘሮ ሲራኑሽ፣ በገበቴው ፋንታ ጥሩ ቦነስ እሰጣቸዋለሁ።

እኔ፦ ቦነስ አንተ የምትሰጠው ነው፣ ልጄ። ገበቴው የራሳቸው ነው።

ልዑልሰገድ፦ ይሁን፣ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ዘሃራ (የሃዋ የልጅ ልጅ፣ የአጣቢዎቹ አለቃ)፦ መጻፉን ማንም ይጽፋል። ማታ ይምጣና ይቁም።

ልዑልሰገድ፦ መቆም ብቻ?

ዘሃራ፦ ብቻ አልክ? ና እና እናያለን።

ተስማማን። ካላየ እፈርማለሁ። ካየ እዘጋለሁ።

10.

ጎን ለጎን ቆምን፣ ፊታችን ወደ ማንጎው። ደንቡ ወደ ጎንም ማየት አይፈቅድም፤ ሰው አጠገቡ ያለውን እያየ ለመዞር ሰበብ ያገኛል ትል ነበር ሃዋ። ከኋላችን ገበቴዎቹ ውሃ ሲቀዱ፣ አፈሩ ሲንሿሿ ይሰማል። ልዑልሰገድ ስለ መንገዱ አንዳንድ ነገር ጠየቀኝ፣ መለስኩለት።

ከዚያ አንዷ እልል አለች።

ሌሎቹ ተቀበሏት። በዚያ ወንዝ ላይ እንዲህ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ምን አግኝታ ይሆን? ምን ያህል ቢሆን ነው? አንገቴ ዙሪ ዙሪ አለኝ። የአያቴ የልጅ ልጅ፣ ጸጉሬ የሸበተ ሴትዮ፣ እንደ ሕፃን አማረኝ። ጥርሴን ነክሼ ማንጎውን አየሁ።

አጠገቤ ጠጠሩ ከጫማ በታች ተንኮሻኮሸ።

11.

እግሩን አሳርፎ ሊሆን ይችላል። ዞሮም ሊሆን ይችላል። ፊቷን ያዞረች ሴት ይህን እንድትነግራችሁ አትጠብቁ።

12.

ዘሃራ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች መጣች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ እንዲህ ስትሆን እፈራታለሁ። ብዕሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

“አየ?” አልኳት።

እናንተ አንባቢዎች ከማንጎው ሥር፣ ፊት ለፊታችን ነበራችሁ። ማንም ፊታችሁን አዙሩ አላላችሁም፤ መልሷን እናንተ ሙሉት።

ዘሃራ፦