አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰችው

«ምላጭ» የሚለውን ቅጽል ያወጡለት የመነጽር ቤቱ ባልደረቦቹ ናቸው። ስድብ መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሽልማት ተቀበለው። ሰውዬው በሥራ ቀን መስታወት እየሞረደ ለደንበኛ መነጽር ይሠራል። እሑድ እሑድ ደግሞ ስልኩን ይዞ ቁጭ ይልና፣ ስላያቸው ፊልሞችና ስለ ሰማቸው የኮንሰርት ቅጂዎች የተሰማውን ሁሉ ሳያለባብስ ይጽፋል። ሃያ ሺህ ሰው ይከተለዋል። ገጹ አናት ላይ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ለጥፏል።

የሱ እውነት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ተዋናይ የመጀመሪያ ፊልሙን ሲያወጣ፣ «ደስ ያለኝ ሲሞት ብቻ ነው፤ እሱም ዘገየ» ብሎ ጻፈለት። ልጁ ዛሬ ፍራሽ ይሸጣል አሉ። ስለ አንድ አዛውንት ጊታር መቺ ቅጂ ደግሞ «ጣቶቻቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ለባለቤቱ የነገረ የለም» አለ። አቤት የተሳቀው ሳቅ! ሰው ሲላጭ ማየት የማይወድ ማን አለ? የሚላጨው ራሱ ካልሆነ በቀር።

በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ አይነካም። ሕዝቡ «እመቤት» እያለ የሚጠራትን ዘፋኝ። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያልሰማው ቅጂዋ የለም። «ዓይኔን ጨፍኑኝና ሺህ ሴት አሰልፉ፤ ድምፅዋን ለይቼ አወጣላችኋለሁ» እያለ ይምላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለውን አልሰማም መሰለኝ።

ታላቅ እህቱ የእመቤት ተቀባይ ናት። እመቤት ስትዘፍን ከኋላ ቆመው ከሚቀበሉት ሦስት ሴቶች አንዷ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርቷን ጥላ ያሳደገችው፣ ሲያለቅስ እየዘፈነች ያስተኛችው እሷ ናት።

ሐሙስ ዕለት በምሳ ሰዓት መነጽር ቤቱ መጣችበት።

«አዲሱ የኮንሰርት ቪዲዮ ቅጂ ነገ ይወጣል» አለችው።

«ታዲያ ልጽፍበት ነዋ!»

«ስለ እመቤት ያሻህን ጻፍ። እኛን ተቀባዮቹን ግን ተወን። ኮንትራታችን የሚታደሰው በዚህ ወር ነው፤ አስተዳዳሪው ደግሞ ያንተን ገጽ ሳያነብ አይውልም። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው ወንድሜ። ከዚህ ከወጣሁ የሚቀጥረኝ የለም።»

ምላጭ የሚሞርደውን መስታወት አነሣና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው።

«እትዬ፣ እውነት ዘመድ የላትም።»

«አንተ ግን አለህ» አለችውና ሄደች።

እሑድ ጠዋት በሩን ዘግቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ቅጂውን ከፈተ። ሰባተኛው ዘፈን ላይ፣ ድምፁ ሽቅብ ወጥቶ ጫፍ ሲደርስ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ምን እንደነካው አላወቀም፤ ብቻ የስድስት ዓመት ልጅ የሆነ መሰለው። ስምንተኛው ላይ ግን አንድ ድምፅ ተሰነጠቀ። ደሙ ፈላ። መለስ ብሎ አየው፤ ደግሞ አየው። ጥፋተኛዋን አገኘ። ወዲያው ጻፈ፦

«ሰባተኛውን ስሰማ አለቀስኩ። ያንን ጫፍ ከእመቤት በቀር የሚወጣው ሰው አልተፈጠረም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ግራ ዳር የቆመችው፣ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰችው ተቀባይ፣ ዘፈኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል ከቦታዋ ትጠፋለች። ውሃ ጠምቷት ይሆናል። ድምፁ እንዴት እንደጠራ ሰማችሁ? ስምንተኛው ላይ ተመለሰች፤ ወዲያው ፍየል ጮኸ። እመቤት ሆይ፣ ይህችን ሴትዮ ወደ ቤቷ የሚሸኝልሽ ሰው ጠፋ? ደግሞ ልንገራችሁ፤ ሴትዮዋ እህቴ ናት።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ልቡ በኩራት ሞቀ። እውነቱን ነው፣ ሐሰት የለበትም፤ በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ከሱ የበለጠ ሐቀኛ ያለ አልመሰለውም። እስከ ምሳ ድረስ ሦስት ሺህ ሰው ተቀባበለው። «ምላጭ አባቴ! እህቱንም አልማራት!» አሉት። ሌላው ፍየል ስሎ አረንጓዴ ቀሚስ አለበሳት። ምላጭ በሥዕሉም ሳቀ።

ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ እህቱ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ገብታ በእጇ የያዘችውን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አረንጓዴው ቀሚስ ነው።

«አስወጡኝ» አለችው።

«አዝናለሁ እትዬ። ግን ስምንተኛው ላይ እኮ...»

«ስምንተኛው ላይ የተሰነጠቀው የእመቤት ድምፅ ነው። ጉሮሮዋ ከተበላሸ አራት ዓመት ሆነው። ሰባተኛው ላይ የት የሄድኩ መሰለህ? ከመጋረጃው ኋላ ሌላ ማይክ አለ። ጫፉን የምወጣው እኔ ነኝ፤ እሷ አፏን ትከፍታለች።»

ምላጭ ሳቀ። «ተባረርኩ ብለሽ በሰው ላይ ታላክኪያለሽ?»

«አራት ዓመት ሙሉ ከቦታዬ ስጠፋ ማንም ልብ ብሎኝ አያውቅም። አንተ ለሃያ ሺህ ሰው አሳየህ። አስተዳዳሪው 'ዛሬ ወንድምሽ፣ ነገ ሌላው ይነቃል' ብሎ ወረቀቴን ሰጠኝ።»

«ይሁን እሺ። ታዲያ ያላንቺ ጫፉን ማን ሊወጣላት ነው?»

«እኔው ነኛ! ተቀርጿል እኮ። ከቅጂው ቆርጠው ያጫውቱታል። ቅጂ ኮንትራት ይታደስልኝ አይልም።»

ከዚያ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ በዕቃ ማጠቢያውና በጠረጴዛው መሃል ቆማ ዘፈነች። ማይክ የለ፣ መጋረጃ የለ። ድምፁ ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ደረሰና ቆመ። ምላጭ ወንበሩን ጨበጠ። ያው ድምፅ ነው። እናቱ በሞተች ሰሞን ያስተኛው ድምፅ ነው። ዓይኑን የጨፈነው ማንም አልነበረም፤ ራሱ ነው።

«አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ» አለችው ስትጨርስ። «'ሰባተኛው ላይ የሰማችሁት እህቴን ነው' በል። አንተ ካልክ ያምኑሃል፤ ሌላ ባንድ ይወስደኛል። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፌስታሉ አጠገብ ነበር። አነሣው። አሁንም ሰዉ እየጻፈለት ነው፤ «እንዳንተ ያለ ጆሮ የት ይገኛል!» ይላሉ። አንዷን መስመር ቢጽፍ ምን እንደሚሉት አሰበ። ሃያ ሺህ ሰው እንዴት እንደሚስቅ ያውቃል፤ መሳቁን ያስተማራቸው እሱ ነው። ቀሚሱን ከፍየሏ አውልቀው ለሱ ሊያለብሱት ነው። ፈራ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ስልኩን መልሶ አስቀመጠ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ይመሳሰላል። ግን እንደሷ አይደለም እትዬ። ጫፉ ላይ ትንሽ ይጠብብሻል።»

እህቱ አልተቆጣችም፣ አልተሳደበችም። ሻርፏን አሰረች።

«እንባህን ጥረግ» አለችው፣ ልጅ ሳለ እንደምትለው፤ በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች። ቀሚሱን አልወሰደችውም።

እሑድ ምላጭ ስለ አንድ አዲስ ፊልም ጻፈ። «ዋናው ተዋናይ» አለ፣ «መዋሸት እንኳ አይችልበትም። እንባው ጉንጩ ላይ እያለ ምንም አልተሰማኝም ይላል። ማን እንዲያምነው ነው?»

አራት ሺህ ሰው ተቀባበለው።